ጋሼ ሰይድ ወንበሩን እምቢ ያሉ ቀን

ጋሼ ሰይድ በሞቱ በሦስተኛው ቀን የመኪና ውድድር ክለባችን ፔጁ ላይ ፎቷቸውን ለጠፈ። ከስሩ "ሲድ ጓደኛችን ነበር" ይላል። ፈረንጆቹ ሲድ ነው የሚሏቸው፤ ሰይድ ማለት ከብዷቸው ሳይሆን ሰንፈው ነው። የሚጸልይ እጅ፣ የተሰበረ ልብ፣ ምናምን ተደረደረ። እሺ፣ ይደርደር። ከዛ አንዱ ምን ብሎ ኮመንት ያደርጋል፦ "ፕሬዚዳንታችን ሊሆን ይችል ነበር፤ እሱ ግን አልፈለገም። ትሑት ሰው።" ሕዝቡ ተሯሩጦ ላይክ አደረገው።

የምሠራበት ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሱፐርቫይዘሬ ከኋላ ይጮኻል፣ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። አልፈለገም? ማን ነው የነገረህ አንተ? እኔ የምርጫው ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። ጉልበታችን እየተነካካ ነው የተቀመጥነው። ጋሼ ሰይድ ምን እንደፈለጉ የማውቅ እዛ ቤት ውስጥ አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጋሼ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በአሰብ መንገድ የሚመላለሱ ተሳቢዎች ስር ተኝተው ነው ሙያ የለመዱት። እዚህ ኮሎምበስ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ጭነት የሚጎትቱትን መኪኖች ይጠግኑ ነበር። መኖሪያቸው ዋይትሆል ሰፈር፣ ሁለት መኝታ አፓርትመንት፣ ከሚስታቸው ከእትዬ ዘሀራ ጋር። በሥራ ቀን ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ በቆሎ እርሻ መሃል ክብ አስፋልት አለ፤ ስቶክ ካር የሚሮጥበት። ስቶክ ካር ማለት ከውጭ ስታየው የሰው የቤት መኪና የሚመስል፣ ውስጡ ግን ተዘርግፎ ወጥቶ በብረት ቱቦ የታጠረ፣ አንድ ወንበር ብቻ የቀረው ጉድ ነው። ጋሼ ሰይድ የዛ ክለብ ዋና መርማሪ ነበሩ። እሳቸው እሺ ሳይሉ አንድ ጎማ አስፋልቱን አይረግጥም።

እንዴት እዛ ደረሱ? ኤርፖርት አብሯቸው የሚሠራ ፈረንጅ አንድ ቅዳሜ ይዟቸው ሄደ። አጥሩ ጋ ቆመው መኪኖቹ ሲሞቁ ሰምተው "ያ ሰማያዊው ባይወጣ ይሻላል" አሉ። ማን ይስማቸው? ሰማያዊው ሁለት ዙር ሳይሞላ ሞተሩ አስፋልት ላይ ተዘረገፈ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሮይ፣ ሆዱ የሚቀድመው ሽማግሌ፣ ያኔውኑ እያለከለከ መጥቶ "መርማሪ ሁነኝ" አላቸው። "ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ ከኔ የሚሻል ሞልቷል" አሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደገማቸው። "ኖ ኖ።" በሚቀጥለውም። ሮይ ባህላችንን አውቆ እንዳይመስልህ፤ ግትር ስለሆነ ነው። እምቢ ያለውን ሰው እስኪያሸንፍ ድረስ ምግብ አይዋጥለትም። በመጨረሻ "እንግዲህ ካልክ" አሉትና ከመኪናቸው የእጅ ባትሪና ጨርቅ አውጥተው ሥራ ጀመሩ። እትዬ ዘሀራ በኋላ ስትነግረኝ፣ ባትሪውና ጨርቁ ከመጀመሪያው እምቢታ ማግስት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ነበሩ።

ሲመረምሩ መጀመሪያ በዓይን አይደለም። ቀኝ አውራ ጣታቸውን በጨርቁ ይጠርጉና ብየዳውን፣ ቱቦውን፣ ማሰሪያውን ሁሉ እየዳሰሱ ይዞራሉ፣ እናት የልጇን ራስ እንደምትፈትሽ። "ዓይን ቀለም ነው የሚያይ፤ ቀለም ደግሞ ለመሸፈን የተሠራ ነው" ይላሉ። ፈረንጁ ሰልፍ ላይ ሲነጫነጭ "አብሽር" ይሉታል። ፈረንጆቹም ለምደዋት፣ ሞተር አልነሳ ሲል እርስ በርስ "አብሽር! አብሽር!" ሲባባሉ ትሰማለህ።

እኔ መጀመሪያ ያገኘኋቸው እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከጋሃና ከተማ፣ ከአንድ ሰውዬ ጓሮ በርካሽ ያወጣሁትን አሮጌ መኪና ሠርቼ ሰልፍ ስይዝ ነው። ቀና ስል ሐበሻ! አለቀ፣ አለፍኩ ብያለሁ።

"ጋሼ፣ የአገር ልጅ ነኝ እኮ" አልኳቸው።

"ማሻአላህ። የማን ልጅ ነህ?"

"የአልማዝ። ዋይትሆል ዴይኬር ያላት።"

"አልማዝ! አውቃታለሁ እንጂ።"

"እንግዲያው ቶሎ ያሳልፉኛላ።"

"እንደሱማ ከሆነ ሁለቴ ነው የማይህ። የሌላው ልጅ ቢሞት ከክለቡ ጋር ነው የምነጋገር። አንተ ብትሞት ከአልማዝ ጋር ነው።"

አዩኝ ሁለቴ። የደረት ቤልቴ ጊዜው አልፏል ብለው መለሱኝ።

"ወተት ነው እንዴ ጋሼ፣ ጊዜው የሚያልፈው?"

"ወተትስ ሆድ ነው የሚነፋ" አሉና ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ግን አዲስ ቤልት ይዘው ራሳቸው መጥተው ገጠሙልኝ። እንዲህ ናቸው። ሲያናድዱህ ሙሉ ለሙሉ እንድትጠላቸው እንኳን አይተዉህም።

አንዴ ግን ጠላኋቸው። ልዋሽ አልፈልግም። ባለፈው ዓመት የወቅቱ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች፤ ጆሮዋ ውስጥ ናፕኪን ጠቅጥቃ፣ ዓይኗን በግማሽ ከድና ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ አሸነፍኩ። በሕይወቴ አንድ ነገር አሸንፌ አላውቅም፤ ሃይስኩልም ኮሌጅም ጀምሬ የተውኩ ሰው ነኝ። ዋንጫ ይዤ ከእናቴ ጋር ፎቶ ተነሳሁ። ከውድድር በኋላ ግን ከፊት የገቡት ሦስት መኪኖች ተመልሰው ይፈተሻሉ። ጋሼ ሰይድ እጃቸውን ወንበሬ ስር ሰደዱና ቀጥ አሉ።

የወንበር ቡሎን ጭንቅላት ላይ ሰረዞች አሉ፤ ሰረዙ ሲበዛ ብረቱ ጠንካራ ነው። ጠዋት አንዷ ጥርሷ ተበልቶ አልይዝ ስላለችኝ፣ ከዕቃ ሳጥኔ ያገኘኋትን ልሙጥ ቡሎን አስገብቼ ነበር። ተፈትሼ ካለፍኩ በኋላ። ማን ያያል ብዬ።

"ቢኒ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

"ቡሎን ናታ።"

"ይቺ የአጥር ቡሎን ናት።"

"እና ፍጥነት ትጨምራለች? በሷ ነው እንዴ ያሸነፍኩት?"

"በሷ አይደለም ያሸነፍክ። ትሞት የነበረ ግን በሷ ነው።"

"ጋሼ፣ እናቴ እዛ ቁጭ ብላለች። ለዛሬ ብቻ ይለፉኝ። በሞቴ!"

"በሞትህ አትማልብኝ። እኔ እዚህ የቆምኩ እሱን ልከለክል ነው።"

ዋንጫው ከእጄ ተወስዶ ለሁለተኛው ተሰጠ። ሰው ሁሉ እያየ። እናቴ ደግሞ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሄዳ እጃቸውን ይዛ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ሰይድ" አለቻቸው። ያቺ ምስጋና ከሁሉም በላይ አቃጠለችኝ። የበረዶውን ወራት ሙሉ አላናገርኳቸውም።

በጥር ሮይ ስትሮክ መታው። አንድ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ ንግግሩም ሄደ። ክለቡ አዲስ ፕሬዚዳንት መምረጥ ነበረበት። ክሬግ የሚባል የመኪና ዕቃ ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ገና ሮይ ሆስፒታል ሳለ ነው መዞር የጀመረው። ክሬግ ሲናገር ጥሩ ነው፣ ጥርሱም ጥሩ ነው። ነገሩ አንድ ነው፦ ምርመራው ረዝሟል፣ ሰው ያባርራል፤ ሹፌሩ ራሱ መኪናዬ ደህና ነው ብሎ ፈርሞ ይግባ። የሱን መኪኖች ጋሼ ሰይድ ስንቴ እንደመለሷቸው ስለማውቅ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። እሱ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ የጋሼ አውራ ጣት ቀረች ማለት ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ስብሰባው እሁድ ከሰዓት ነበር። ጠዋት ኮል አደረጉልኝ።

"ቢኒ፣ አብረኸኝ ሂድ። እንግሊዝኛው ሲፈጥንብኝ አጠገቤ ሁን።"

እምቢ ልል ነበር፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ በዓይኗ ገረፈችኝ። ሄድኩ። ጋሼ ሰይድ ጸጉራቸውን ተስተካክለዋል። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፣ ተተኩሷል። እየነዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር፤ ጆሮዬን ስጥል እንግሊዝኛ ነው። "ፈርስት... ኤቭሪ ካር... ኤቭሪ ሳተርዴይ..." ንግግር እያጠኑ ነው! ሰውየው ሊመረጡ ነው የሚሄዱት። አስተውል፤ ይሄን ያየሁት እኔ ነኝ።

አዳራሹ የቆርቆሮ መጋዘን ነው፣ ታጣፊ ወንበር የተደረደረበት። ክሬግ በር ላይ ቆሞ እጅ ይጨብጣል። የጋሼ ሰይድን እጅ ሲጨብጥ "ሲድ፣ ዛሬስ ጎማዬን ልታይ ነው?" አለና ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጸሐፊዋ ሊንዳ ስብሰባውን ከፈተች፣ የክሬግን ስም ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ "ሌላ እጩ?" አለች።

ዋልት የሚባል አሮጌ ሹፌር ከኋላ ተነሳ። "እኔ በሕይወት ያለሁት በሲድ ጣት ነው። ሲድን ጻፊ" አላት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ግማሹ ብድግ አለ። የክሬግ ጥርስ ተከደነ። ሊንዳ ጻፈች፦ ሲድ። "ሲድ፣ ትቀበላለህ?"

ጋሼ ሰይድ ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። "ኖ ኖ" አሉ። "ታንክ ዩ ቬሪ ማች። ከኔ የሚሻል ሰው አለ። ከኔ የቆየ ሰው አለ።"

ይሄ ምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ትልቅ ሰው ወደ ላይ ከፍ በል ሲባል እዚሁ ይበቃኛል ይላል። ከዛ ክንዱን ይዘህ ትጎትተዋለህ። ሳይጎተት ዘሎ ከተቀመጠማ ምኑን ትልቅ ሰው ሆነ? ግን ጎታች ያስፈልጋል። ግትሩ ሮይ ደግሞ አልጋ ላይ ነው፣ አፉ ተይዟል።

ሊንዳ አዘነች። ከልቧ ነው ያዘነችው፤ ክፉ ሴት አይደለችም። "ኦኬ ሲድ። ውሳኔህን እናከብራለን" አለችና ስማቸውን በጨርቅ ጠረገችው።

ጋሼ ሰይድ አልተቀመጡም። እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ። ዋልትን አዩት፤ ዋልት ጭንቅላቱን በአክብሮት ነቀነቀላቸው። ሊንዳን አዩ፤ ሊንዳ ፈገግ አለች። ከዛ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የምትፈለገው። "እምቢ ማለቱ አይደለም፣ እንደገና ጠይቁት" ማለት። ወይ ክንዳቸውን ይዤ "ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ!" ማለት። እኔ ትራፊክ ላይ በሁለት ቋንቋ የምሳደብ፣ አለቃዬ አንድ ሲል ሦስት የምመልስ፣ እናቴ "ይሄ አፍህ ይቀብርሃል" የምትለኝ ሰውዬ! ምላሴ ላይ ነበረች እኮ። ዋንጫው ትዝ አለኝ። ለዛሬ ብቻ ይለፉኝ ስላቸው የቆሙት አቋቋም ትዝ አለኝ። ይቅመሷት አልኩ በሆዴ።

ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ለሊንዳ በቂዋ ነበር። "ሌላ እጩ ከሌለ፣ ለክሬግ እጅ አውጡ።"

ጋሼ ሰይድ ተቀመጡ። ሰዉ እያመነታ፣ እየተያየ፣ አንድ በአንድ እጁን አወጣ። ብዙ ሲሆን ጊዜ ጋሼ ሰይድም አወጡ።

በመንገድ ላይ ልፈነዳ ደረስኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት፣ ግን በሳቸው ላይ ጮህኩ።

"ለምን እምቢ አሉ? እዚህ አገር ኖ ማለት ኖ ነው! ስንት ዓመት ኖረው ይሄ እንዴት ይጠፋዎታል?"

"አብሽር። ክሬግም ልጅ ነው፣ ይማራል።"

"ምን ይማራል? ቡሎን መሸጥ?"

ዋይትሆል ገብተን አቆሙልኝ። ስወርድ "ለአልማዝ ሰላም በልልኝ" አሉኝ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው።

ክሬግ ወንበሩ ላይ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ጠራቸው። "ሲድ፣ በጣም ደክመሃል፣ አሁን ፓርኪንግ ላይ ብትረዳንስ?" ይቺን አንዴ ነው የተጠየቁት። አንዴ ሲጠየቁ እሺ አሉ። ብርቱካናማ ቬስት ለብሰው ቀይ ባንዲራ እያውለበለቡ የተመልካች መኪና ማቆም ጀመሩ። ምርመራው ወረቀት ሆነ። ፈርመህ ትገባለህ፣ በቃ። ያለ ሰልፍ ስገባ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ቅዳሜ ደስ ብሎኛል።

አንድ ቅዳሜ መኪናዬን ጭኜ ስገባ በባንዲራቸው አስቆሙኝ። መስኮቱን አወረድኩ።

"የወንበርህን ስር ዳሰስከው?"

"ፈርሜያለሁ ጋሼ።"

"ፊርማህን አልጠየቅኩህም።"

"አሁን እርስዎ ፓርኪንግ ነዎት አይደል? የት ላቁም?"

አልኩ። ይሄን በዚህ አፌ አልኩ። አፌ መናገር የነበረበት ቀን ዝም ብሎ፣ ዝም ማለት የነበረበት ቀን ተናገረ። ጋሼ ሰይድ ባንዲራቸውን ዝቅ አድርገው "በግራ በኩል ሰፊ ነው" አሉኝ።

በሰኔ ኬሊ ግድግዳ መታች። ኬሊ ነርስ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከኔ ኋላ ትሮጥ ነበር። አመታቷ ከባድ አልነበረም፤ ከዛ የባሰ መትተው እየሳቁ የወረዱ አሉ። የሷ ግን ወንበሩ ተነቅሎ ከነሷ ወደ ጎን ሄደ። ሞተሬን አጥፍቼ ስወጣ፣ ከፓርኪንግ በኩል ብርቱካናማ ነገር ሜዳውን ሰንጥቆ ሲመጣ አየሁ። ጋሼ ሰይድ ያን ዕድሜያቸውን ይዘው እየሮጡ ነው። ከአምቡላንሱ ቀድመው ደረሱ። በመስኮቱ ገብተው ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዳይነቃነቅ አደረጉት። "አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ" ይሏታል። እሷም ዓይኗን ገልጣ "አብሽር" አለች። እስክትወጣ አልለቀቋትም።

ኬሊ ተረፈች፤ ዳሌዋ ግን ተሰብሮ ዛሬም በምርኩዝ ናት። ወንበሩ የታሰረበት ብረት በዝገት አልቆ ነበር። ላዩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ወረቀቱ ላይ ፊርማዋ አለ።

ከዛ በኋላ ክሬግ አልቆየም። ሹፌሮቹ አምፀውበት ራሱ ለቀቀ። ሊንዳ ሺፍት ላይ እያለሁ ኮል አደረገችልኝ።

"ቢኒ፣ ሲድ አሁን እሺ ይለን ይሆን? አንተ ታናግርልን?"

"ያኔም እሺ ነበር ያለው" አልኳት።

"ኖ ነው ያለው የኔ ማር። ሁላችንም ሰምተናል።"

ምን ልበላት? እኔ የሰማሁትን ያኔ ያልነገርኳትን ሴት።

እሁድ ጠዋት አፓርትመንታቸው ጀርባ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ የራሴ መኪና ፍሬኑ ሰነፍ ብሎብኝ ነበር፣ እሱን ምክንያት አደረግኩ። ጋሼ ሰይድ ጠጋ ብለው ፔዳሉን በእጃቸው ተጫኑት፣ "አየር ገብቶታል" አሉና ክሪክ አስገብተው ከስር ተኙ። አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ላይ ሆኖ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ከስር ቡሎኗን ይከፍታል። እኔ ላይ፣ እሳቸው ከስር። ፊታቸው አይታየኝም።

"ርገጥ።"

ረገጥኩ።

"ያዝ... ልቀቅ።"

"ጋሼ፣ ክሬግ ለቋል። እርስዎን ይፈልጋሉ። ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ።"

"ኖ ኖ። ከኔ የሚሻል ሞልቷል። ርገጥ።"

መሪው ላይ ተደፍቼ ፈገግ አልኩ። ይቺንማ አውቃታለሁ። አሁን ጎታቹ አለ።

"ማንም የሚሻል የለም ጋሼ። ኬሊን በእጅዎ ይዘዋታል። እርስዎ ካልገቡ ሌላ ሰው ሊሞት ነው።"

"ዋልት አለ፣ ልጆቹ አሉ። አሳያቸዋለሁ፣ ይዳስሱ። ያዝ።"

"በአልማዝ ይዤዎታለሁ! እሺ ሳይሉኝ ከዚህ መኪና አልወርድም!"

ከስር የፍሬኑ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

"ቢኒ" አሉ። ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። "ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም ነግሮኛል። ይሄኛው እምቢታ የምሬን ነው።"

"ያኔስ?"

"ያኔ ዋንጫዋ አናዳህ ነበር። አውቃለሁ።"

"ጋሼ..."

"ያኔ አንዴ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር።"

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ።

"ርገጥ" አሉኝ።

ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ስር ደንድኖ ቆመ።